ሊቀ ሸኚያኑ አልጋ ያዙ

እንግዳ መቀበል ማንም ይችላል። ወንበር መሳብ፣ ውሃ ማቅረብ፣ «ቤት ለእንግዳ» ማለት ብዙ ልፋት የለውም። መሸኘት ግን ጸጋ ነው፤ ለዚህ ጸጋ የተመረጠ ሰው ደግሞ በየሰፈሩም ሆነ በየዘመዱ አይጠፋም። ታውቁታላችሁ። ልትሄዱ ብድግ ስትሉ እሱም ብድግ ይላል። በሩ ላይ ደህና ሁን ተባብላችሁ አጥሩ ጋ ስትደርሱ አብሯችሁ ነው። አጥሩ ጋ ተሰነባብታችሁ አስፋልቱን ስትይዙ አሁንም አብሯችሁ ነው። መኪና ውስጥ ገብታችሁ በሩ ከተዘጋ በኋላ እንኳ እጁን በመስኮት አስገብቶ እጃችሁን ይዟል፤ ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሣ እሱ ገና ስለ እናታችሁ ጤንነት መጠየቅ ይጀምራል።

የአምበሩ አቶ አካለ ወልድ የእነዚህ ሁሉ አለቃ ናቸው። ሌሎቹ ሸኚዎች ቢባሉ እሳቸው ሊቀ ሸኚያን ናቸው። ማዕረጉን በጉባኤ የሰጣቸው የለም፤ መኪና ያመለጠው ሁሉ በየግሉ የሰጣቸው ነው። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ረዥም ናቸው፤ ጋቢያቸው ሁልጊዜ ነጭ ነው፤ ዱላቸው ሁልጊዜ ከበሩ ጀርባ ተዘጋጅቶ ይቆማል። ዱላው ለመደገፊያ አይምሰላችሁ። ጉልበታቸው ከወጣት ጉልበት አያንስም። ዱላው የሚነሣው ሰው ሊሄድ ሲነሣ ብቻ ነው።

ንግግራቸውም የታወቀ ነው። በመጀመሪያ «ትንሽ ልራመድ» ይላሉ፤ ይህን ያሉ እንደሆነ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይራመዳሉ። ቀጥሎ «አንድ ነገር ረስቼ!» ይላሉ፤ ይህን የሚሉት ደግሞ ነገሩ ሁሉ ካለቀ፣ ሰዉ ሁሉ ከተሳሳመ፣ መኪናውም መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ነው። የሚረሱት ነገር ያው አንድ ነው። እንደገና መሳም።

አንድ ጊዜ ከወንዝ ማዶ ለዝክር መጥተው የነበሩትን ቄስ ገብረ ሚካኤልን ሸኙ። እስከ ወንዙ ብቻ ነበር የታሰበው። ወሬው ስላላለቀ ወንዙን ተሻገሩ፤ ወንዙን ከተሻገሩ ወዲያ መመለስ ነውር መስሎ ስለታያቸው እስከ ቄሱ ደጅ ደረሱ። ቄሱም የአገሩን ወግ የሚያውቁ ሰው ናቸውና «እንዲህ ደክመው እኔ ዝም ብዬ ልግባ?» ብለው እሳቸውን ለመሸኘት አብረው ተመለሱ። አምበር ሲደርሱ አቶ አካለ ወልድ ቄስን የሚያህል ሰው ብቻውን መስደድ አልሆን አላቸውና ዱላቸውን ሳያስቀምጡ እንደገና ወጡ። ሦስተኛው ጉዞ ላይ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ቄስ ገብረ ሚካኤል ወንዙ መካከል ድንጋይ ላይ ቆሙ፤ መስቀላቸውን አወጡና «ከዚህ አንዲት እርምጃ ቢከተሉኝ ገዝቻለሁ!» አሉ። ሊቀ ሸኚያኑ ሃይማኖተኛ ስለሆኑ ቆሙ። የቄሱ ጃንጥላ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ግን ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም፤ ግዝቱ ላይ ስለ መቆም ምንም አልተባለም።

መከራው የባሰው ቤታቸው ከአዲስ አበባው መንገድ ዳር፣ አውቶቡስ ከሚቆምበት ቦታ ፊት ለፊት መሆኑ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሁሉ በደጃቸው ያልፋል። ረዳቶቹ እንኳ አምበር ሲደርሱ እንደ ሌላው ቦታ «ወራጅ አለ?» ብለው አይጠይቁም፤ መጀመሪያ አንገታቸውን አውጥተው አቶ አካለ ወልድ መንገድ ዳር ቆመው እንደሆነ ያያሉ። ቆመው ከሆነ ሾፌሩ ሞተሩን ያጠፋል።

የዚህ ሁሉ ፍዳ ከፋይ ምናለ ነው። ምናለ የእኅታቸው ልጅ ነው፤ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ በእሳቸው ቤት አደገ፤ ተምሮ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆነ፤ እዚያው አምበር ለስድስት ዓመት የገበሬውን በሬና ላም ሲከትብ ኖረ። አንድ ምኞት ብቻ ነበረው። የሚወጋው ክትባት ከሚሠራበት ቤት ገብቶ መሥራት። የዛሬ ዓመት አዲስ አበባ ያለ አንድ ክትባት የሚያመርት ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

የዚያን ዕለት የሆነውን አምበር ውስጥ የማያውቅ የለም። አውቶቡሱ በማለዳ መጣ። አቶ አካለ ወልድ «ሻንጣውን ላስቀምጥለት» ብለው ገቡ። ሻንጣውን አስቀመጡ፤ መስኮቱን ከፈቱ፤ መቀመጫው ይመች እንደሆነ ተቀምጠው ሞከሩ፤ በዚያው አጠገባቸው ላለው ተሳፋሪ የምናለን የሕይወት ታሪክ ከልደቱ ጀምረው ማውራት ያዙ። በዚህ ጊዜ ባለቤታቸው እትዬ ሥራነሽ የማር ገንቦ ይዘው እየሮጡ ደረሱ። ምናለ ገንቦውን ሊቀበል ወረደ። ለመስመሩ አዲስ የሆነው ረዳት ወንበሩ ላይ ጋቢ ለብሶ የሚያወራ ሰው ሲያይ ተሳፋሪው ተመቻችቶ የተቀመጠ መሰለውና የመኪናውን ጎን በእጁ መታ፤ «ሳበው!»

አውቶቡሱ ሄደ። ምናለ የማር ገንቦ ታቅፎ አስፋልቱ ላይ ቀረ። ሸኚው ሄደ፤ ተሸኚው ቆሞ እጁን አወዛወዘ። አቶ አካለ ወልድ መሄዳቸውን ያወቁት ሉማሜ ሲደርሱ ነው፤ ያውም ጎረቤታቸው ተሳፋሪ ታሪኩ ልቡን ነክቶት «ታዲያ ልጁ አሁን የት ነው ያለው?» ብሎ ሲጠይቃቸው።

የትምህርት ማስረጃው ሁሉ ሻንጣው ውስጥ ነበር። ሻንጣው ከሉማሜ እስኪመለስ፣ የሚቀጥለው መኪና ቦታ እስኪገኝለት፣ ምናለ አዲስ አበባ እስኪገባ መሸ። የድርጅቱ በር ተዘግቶ ጠበቀው። አቶ አካለ ወልድ ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ማንንም ሳይሸኙ ሰነበቱ። እትዬ ሥራነሽ ታመው ይሆን ብለው ጠበል ሊያመጡላቸው ነበር።

ዘንድሮ ድርጅቱ እንደገና ደወለ። «ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት። አምና ስለቀሩ ሌላ ዕድል መስጠታችን ነው፤ ሦስተኛ ጊዜ አንጠራም» አለች የደወለችው ሴት፤ ድምፅዋ ላይ ቀልድ የለም። ምናለ ስልኩን ዘግቶ ማሰብ ጀመረ። አውቶቡስ አይሆንም፤ ማርቆስ ሄዶ ቢሳፈር እንኳ በአምበር ያልፋል። የግል መኪና ቢለምን እሱም በአምበር ያልፋል። በእግሩ ቢሄድ በአምበር ያልፋል፤ ያውም አጃቢ ይጨመርበታል። ከጎጃም ወጥቶ በአቶ አካለ ወልድ ደጅ የማያልፍ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አውሮፕላን።

ከደብረ ማርቆስ ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሚነሣ በረራ ነበር። ከአምበር በዚያ ሰዓት መድረስ ስለማይቻል ረቡዕ ማታ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ማደር አለበት። ለአጎቱ «ለሥልጠና ማርቆስ ሁለት ቀን እቆያለሁ» አላቸው። ማርቆስ ቅርብ ስለሆነ አቶ አካለ ወልድ ለወጉ ያህል አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ሸኝተው ተመለሱ።

ለማንም ሳይናገር መሄድ ግን ምናለም አልሆነለትም። ያለ ምርቃት የተጀመረ መንገድ እግሩን የሚይዘው መሰለው። ስለዚህ እትዬ ሥራነሽን ጓሮ ወስዶ በጆሯቸው ነገራቸው፤ እሳቸውም በኪዳነ ምሕረት ምለው ለባላቸው እንደማይናገሩ ቃል ገቡ። ቃላቸውንም ጠበቁ። አንዲት ቃል አልተናገሩም።

ሆቴሉ ክንፍ ሆቴል ይባላል። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል «ከአልጋዎ እስከ አውሮፕላንዎ ሁለት መቶ እርምጃ» ተብሎ ተጽፏል። ምናለ ሲገባ ቆጥሮት ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆነበት፤ ይህም ቢሆን ተመቸው። እንግዳ ተቀባይዋ ትሕትና የምትባል ፈገግታዋ የማያልቅ ልጅ ናት። ክፍል ሰባትን ከፍታ አሳየችው፤ አልጋው ሰፊ፣ መጋረጃው ወፍራም፣ ሙቅ ውሃውም ከምር ሙቅ ነው።

«መስታወቱ ድርብ ነው» አለችው መስኮቱን በጣቷ እየመታች። «አውሮፕላኑ ራሱ ሲያርፍ አይሰማም። ደወል የለ፣ ዶሮ የለ፣ ማይክ የለ። እንግዶቻችን በጣም ነው የሚወዱት።»

ምናለ አልጋው ላይ ተዘርግቶ ጣሪያውን እያየ ሳቀ። በሠላሳ ዓመት ዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም የማይሸኘው ሰው ሆነ።

ደስታው እስከ እራት ቆየ። ምድር ቤት ካለው ምግብ ቤት ተቀምጦ የምግብ ዝርዝር እያነበበ ሳለ ከውጭ አንዲት ባጃጅ ቆመች። መጀመሪያ ዱላ ወረደ። ቀጥሎ ጋቢ ወረደ። ቀጥሎ አንድ ትልቅ የስንቅ ከረጢት ወረደ። ምናለ የምግብ ዝርዝሩን ከፍ አድርጎ ፊቱን ጋረደ።

«እንደምን አመሸሽ ልጄ» አሉ አቶ አካለ ወልድ፤ «አልጋ ፈልጌ ነበር።»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባ፤ አልጋ አለ። ነገ በረራ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ዛሬ ከአዲስ አበባ ገብተው ነው?»

«ከአምበር ነው የመጣሁት።»

ትሕትና ቅጹን ተመለከተች። የመጡበት ምክንያት በሚለው ሥር ሥራ፣ ጉብኝት፣ ስብሰባ፣ ሌላ ተብሎ ተዘርዝሯል።

«ምክንያቱን ምን ብዬ ልሙላው?»

«ሽኝት በይው።»

«ማንን ነው የሚሸኙት?»

«ያንን» አሉና ዱላቸውን ወደ ምግብ ቤቱ አቀኑ፤ «ፊቱን በወረቀት የጋረደውን።»

ትሕትና «ሌላ» በሚለው ፊት ምልክት አድርጋ ከጎኑ ሽኝት ብላ ጻፈች፤ ክፍል ስምንትንም ሰጠቻቸው። እሳቸውም ቁልፋቸውን ይዘው መጥተው ከምናለ ፊት ተቀመጡ።

«ሥልጠናው እንዴት ነው?»

«ደህና ነው ጋሼ።»

«ጎበዝ።»

ምናለ የምግብ ዝርዝሩን ዝቅ አደረገ፤ ከዚህ ወዲያ መደበቁ ትርጉም የለውም።

«እትዬ ሥራነሽ ናት የነገረችዎ?»

«ኧረ እሷን እንዳትቆጣት! እሷስ አፏን አልከፈተችም። ከሰዓት ቤት ስገባ ዳቦ ቆሎ ስትቆላ አገኘኋት። እኔ ቤት ዳቦ ቆሎ ከተቆላ ሰው ሊሄድ ነው። ማነው የሚሄደው ብዬ ቆጠርኩ። በወጉ ያልተሰናበተኝ አንተ ብቻ ነህ።»

«እዚህ መሆኔንስ?»

«ከማርቆስ ወደ ሩቅ የሚሄድ ሁለት ነገር ነው ያለው። አንደኛው በደጄ ያልፋል» አሉና የስንቁን ከረጢት ወደ እሱ ገፋ አደረጉት፤ «እንካ፣ ሳይቀዘቅዝ ነው ያመጣሁት።»

ምናለ ተናደደ፤ አፈረም። ሁለቱ ሲደባለቁ ድምፁ ከልኩ በላይ ወጣ። «ጋሼ፣ ነገ አራት ሰዓት እዚያ ካልተገኘሁ ሦስተኛ አይጠሩኝም። የስድስት ዓመት ሕልሜ ነው። የዛሬ ዓመት የሆነውን ያውቃሉ።»

«የዛሬ ዓመት ሉማሜ የደረስኩት እኔ ነኝ፤ ልታስታውሰኝ አይገባም» አሉ አቶ አካለ ወልድ። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠሉ። «ስማኝ። ነገ ከአውሮፕላን ማረፊያው በር አላልፍም። አንድ ጊዜ ስሜህ ዞር እላለሁ። ያኔ አንድ ነገር ረሳሁ ብል እንኳ አትስማኝ። ቃሌ ነው።»

ምናለ አላመናቸውም። ማንም ቢሆን አያምናቸውም። እምነቱ ይበልጥ የጠፋው ደግሞ ከእራት በኋላ ያደረጉትን ሲያይ ነው። ከጎናቸው ሲመገብ የነበረ የምርጥ ዘር አከፋፋይ ወደ አማኑኤል ከተማ ለመሄድ ብድግ ሲል አቶ አካለ ወልድም አብረው ብድግ አሉ። ሰውየውን በሕይወታቸው አይተውት አያውቁም። ቦርሳውን ተቀበሉት፤ «ትንሽ ልራመድ» ብለው እስከ መኪናው ሄዱ፤ የአባቱን ስም ጠየቁት፤ አማኑኤል ውስጥ የሚያርፍበትን ቤት ጠየቁት፤ በዚህ ብርድ ሲነዳ መስኮት እንዳይከፍት መከሩት። አከፋፋዩ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፤ ኋላ ሳቀ። ከሆቴሉ ግቢ ከወጣ በኋላ ግን መኪናውን አቁሞ ወረደና ተመልሶ መጥቶ ጉንጫቸውን ሳማቸው። ስድስት ወር ሙሉ ከሆቴል ሆቴል ሲዞር ማንም እስከ መኪናው ወጥቶለት አያውቅም ነበር።

ከዚያም አንዲት ሻንጣ የምትጎትት እንግዳ ከአሳንሰሩ ፊት ብቻዋን ቆማ አዩና «እስከ ክፍልዎ ልሸኝዎ» አሏት። ልጅቷ በስልኳ እያወራች ነበርና «አይ አመሰግናለሁ» አለች። እሳቸው ግን አሳንሰሩ ተዘግቶ ቁጥሩ ሦስት ላይ እስኪቆም ቆመው ጠበቁ። ቁጥሩ ሲቆም በእፎይታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ትሕትና ይህን ሁሉ ከጠረጴዛዋ ኋላ ሆና እያየች ፈገግታዋን መቆጣጠር አቅቷታል። «አባ፣ ጠዋት እንድንቀሰቅስዎ ይፈልጋሉ?»

«እኔን?» አሉ አቶ አካለ ወልድ፤ የሰደበቻቸው ያህል ከፋቸው። «ልጄ፣ እኔ ሰው ልሸኝ ነው የማድረው። ዶሮ ሲጮህ እነሣለሁ። ዶሮው ቢያረፍድ የኪዳን ደወል አለ። በዚህ ዕድሜዬ ቀስቅሱኝ ብዬ አላውቅም።»

ምናለ ስለ ድርቡ መስታወት ያውቃል። አፉን ሊከፍት ብሎ መልሶ ዘጋው። ይህች ዝምታ ኃጢአት መሆኗን ያውቃት ነበር፤ ቢሆንም ዝም አለ። ስልኩን ሦስት ጊዜ እንዲጮህ ሞልቶ ተኛ።

ማለዳ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ ስልኩ ጮኸ። ታጥቦ፣ ለብሶ፣ የትምህርት ማስረጃውን ሁለት ጊዜ አይቶ ከክፍሉ ወጣ። በክፍል ስምንት በር ላይ ጆሮውን አስጠጋ። የሊቀ ሸኚያኑ ማንኮራፋት ዝግ ያለና ጥልቅ ነው፤ ዓለም ላይ ዶሮ ተፈጥሮ የማያውቅ ይመስል። ምናለ ጫማውን በእጁ ይዞ በካልሲው ደረጃውን ወረደ።

«ልቀስቅሳቸው እንዴ?» አለች ትሕትና በሹክሹክታ።

«ይተኙ። ደክሟቸዋል» አለ ምናለ። ውሸቱ ከአፉ ሲወጣ እንዲህ ቀላል መሆኑ ራሱን ገረመው።

ውጭው ብርድ ነው፤ ሜዳው ላይ ጉም ተኝቷል። ሁለት መቶ አሥራ አራቷን እርምጃ ሮጠ ማለት ይቻላል። መመዝገቢያው አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው የሚዘጋው፤ እሱ በአሥራ አንድ ተኩል በሩ ላይ ነበር። በአውሮፕላን ማረፊያው በር ፊት ሰው ተሰልፏል፤ ግን ከተሰለፈው ይልቅ ሊሸኝ የመጣው ይበዛል። አንዲትን ወጣት ስምንት ዘመዶቿ ከበዋታል፤ እናቷ የነጠላዋን ጫፍ ታስተካክልላታለች። አንድ ሽማግሌ ወንድ ልጃቸውን አንገቱ ሥር እየሳሙ ምንም ሳይናገሩ ይለቁታል፤ እንደገና ይስሙታል። እዚያ ማዶ ደግሞ አንዲት ሴት «ስትደርሺ ደውዪ፤ ባትደርሺም ደውዪ!» ትላለች።

ጥበቃው እየጮኸ ነው። «ሸኚዎች እዚህ ይቅሩ! ተጓዦች መታወቂያ ያዙ!» ምናለ መታወቂያውን አውጥቶ ቀረበ። ጥበቃው መታወቂያውን ከማየቱ በፊት ከጀርባው አሻግሮ ተመለከተ፤ ሰው የሚጠብቅ ይመስል።

«የእርስዎ ሰዎችስ?»

«የሉም።»

«የሉም?» ጥበቃው በቅንነት አዘነ። «ሰው የለዎትም?»

ምናለ ሰው አለኝ ሊል ነበር። አለኝ፤ ክፍል ስምንት ተኝቷል፤ እኔ ነኝ ትቼው የመጣሁት። በአምበር ማምለጫ ያጣሁለት ሰው ነው። ሰባተኛ ክፍል ስገባ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኝቶኝ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያየኝ የነበረ ነው፤ ተማሪ ሁሉ ሲስቅብኝ ያፈርኩበት፤ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ግን ሄደ አልሄደም ብዬ በየደቂቃው አጮልቄ አየው የነበረ።

አሁን ጋሼ ሊነቁ ነው። ክፍል ሰባትን ያንኳኳሉ። ትሕትና «ሄዷል» ትላቸዋለች። ዱላቸውን ይዘው በባጃጅ አምበር ይገባሉ፤ መንገድ ዳር የቆመው ሁሉ «ሸኙት ወይ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል።

«ወንድሜ፣ ይገባሉ ወይስ ለሌላው ይልቀቁ?» አለ ጥበቃው።

«መጣሁ» አለ ምናለ፤ ዞሮም ሮጠ። ሕልሙን አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ጥሎ መሮጡን እያወቀ ነው የሮጠው፤ ራሱን ይሰድባል፤ እግሩ ግን አልቆመለትም።

ክፍል ስምንትን በሁለት እጁ ደበደበ። ከረዥም ጊዜ በኋላ በሩ ተከፈተ። አቶ አካለ ወልድ በካልሲ፣ ጋቢያቸው ተጠምዞ፣ የትራሱ መስመር ጉንጫቸው ላይ ታትሞ ቆመዋል። ምናለን አዩት፤ ወደ መጋረጃው ዞሩ፤ ከመጋረጃው ጫፍ የገባችውን ብርሃን አዩ።

«ዶሮው አልጮኸም» አሉ።

«እዚህ ዶሮ የለም ጋሼ።»

«ደወሉስ?»

«መስታወቱ ድርብ ነው። አይሰማም።»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው በአንዴ ፊታቸው ላይ ወጣ። «ሄደህ ነበር?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። «ሄጄ ነበር።»

«ታዲያ ምን አመጣህ?»

«አልተሸኘሁማ» አለ ምናለ። ሊቀልድ ነበር፤ ድምፁ ግን ተሰበረበት።

አቶ አካለ ወልድ ብድግ አሉ። ከዚያ የሆነውን ትሕትና እስከ ዛሬ ለእንግዶቿ ታወራዋለች። ጫማ አልፈለጉም፤ የሆቴሉን ነጠላ ጫማ አደረጉ። ዱላቸውን ረሱ። የምናለን ክንድ ይዘው ደረጃውን እየጎተቱት ወረዱ። «ሰዓቱ ስንት ነው? ትቀራለህ! ፍጠን እንጂ! ምን ትንቀረፈፋለህ?» ይሉታል። አስፋልቱን ሲሻገሩ የሚመጣን አይሱዙ በእጃቸው አስቆሙት። እሳቸው በዕድሜያቸው ሰውን «ፍጠን» ብለው አያውቁም ነበር።

በሩ ላይ ደረሱ። ሰልፉ አልቋል፤ የስምንቱ ዘመድ ስብስብ እንኳ ተበትኗል። አቶ አካለ ወልድ ምናለን አንድ ጊዜ ግራ ጉንጩን፣ አንድ ጊዜ ቀኝ ጉንጩን ሳሙት።

«በል ሂድ። እግዚአብሔር ይከተልህ።»

ምናለ አልተንቀሳቀሰም። «ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ቃል ገብቻለሁ አይደል?»

«ለዚህች ነው የተመለስኩት?»

«ሂድ ብዬሃለሁ፣ ሰዓትህ ሄደ!» አሉና ደረቱን ገፋ አደረጉት። ዓይናቸው ግን ሞልቷል፤ ከንፈራቸውን ነክሰው «አንድ ነገር ረስቼ» እንዳይሉ ይታገላሉ።

ምናለ ሦስት እርምጃ ተራመደ። ተመለሰ። አንገታቸው ሥር ገባ፤ ጋቢያቸውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ። እሳቸው ለመግፋት ሞከሩ፤ አልተገፋም። ከዚያ እጃቸው ሳያስቡት ምናለ ራስ ላይ አረፈ፤ እየመረቁት ነበር፤ ቃሉ ባይሰማም ጢማቸው ይንቀሳቀሳል።

ጥበቃው ሰዓቱን አየ። አንዱን አየ፤ ሌላውን አየ። «ይቅርታ፣ ተጓዡ ማንኛችሁ ነው?» አለ።

የመመዝገቢያ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሠራተኛ ኮምፒዩተሯን ልትዘጋ እጇን ስታነሣ ምናለ እያለከለከ ደረሰ። ፊቱ እርጥብ ነው፤ የኮቱ ትከሻ ላይ የነጭ ጋቢ ክር ተጣብቋል። መታወቂያውን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«የመጨረሻው ተሳፋሪ እርስዎ ነዎት። የት ነው ያደሩት? ከሩቅ ነው የመጡት?»

«አይ። እዚሁ ፊት ለፊት።»

«ሁለት መቶ እርምጃ ላይ አድረው ነው እንዲህ ያረፈዱት? ምን ሲያደርጉ ነበር?»

ምናለ ክሩን ከትከሻው አላነሣም። ዓይኑንም አልጠረገም።

«ስሸኝ» አላት፤ በኩራት።